ዲስክ የማይገባበት ማሽን

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ዳኛው» በሚል ስም ነው። ፍርድ ቤት በራፍ ደርሶ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጌም ቤቱ ውስጥ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሲቆም ነው ስሙ የወጣለት። ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ለሚታይ ጎል ምን ዳኛ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው የኳስ ጌም ሲጫወቱ አላያችሁማ። አንዱ ጆይስቲኩ አልታዘዝ እንዳለው ይምላል፣ ሌላው በክርን እንደተገፋ ይምላል፣ ሦስተኛው ተራዬ ተበላ ብሎ ይጮኻል። ወንድሜ ፊሽካውን ይነፋል፣ ይፈርዳል፣ ሁሉም እያጉረመረመ ይቀመጣል። በሱ ፍርድ ያኮረፈ ሰው አይቻለሁ፤ አዳልቷል ያለ ሰው ግን አላየሁም። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። እህትነቴ ምን እንደሠራለት ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ቤቱ በፀጉር አስተካካዩና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሰነቀረች አንድ ክፍል ናት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የሱን በር ነው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት አሮጌ የጌም ማሽን፣ ሰው ከመቀመጡ ብዛት የተላገ የመሰለ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ከሁሉ የሚሳሳለት ግን ለዲስክ መሳቢያው ነበር። የተጫረ ዲስክ ሲያገኝ በጥርስ ሳሙና ያሸዋል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ሚስት ያላገባኸው ፍቅርህን እዚህ ጨርሰኸው ነው እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱም ዲስክ አይጨቀጭቅም ይለኛል።

ባሌም ጌም ቤት አለው፤ ከወንድሜ ከፍ ብሎ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ። ሥራውን ያስተማረው ወንድሜ ነው። መጀመሪያ አብረው ሠሩ፣ ኋላ ባሌ የራሴ ይኑረኝ ብሎ ወጣ። ሆድና ጀርባ አልሆኑም። ሰኞ ሰኞ እንደ ድሮው ይገናኙ ነበር።

ስለ ሰኞ መናገር አለብኝ፤ ካለዚያ የወንድሜ ስህተት የሞኝ ስህተት ይመስላችኋል። ሰኞ ፀጉር አስተካካዩ አይሠራም። ቁልፉን ለወንድሜ ይሰጠዋል፣ በአካባቢው ያሉ የጌም ቤት ባለቤቶች በሙሉ እዚያ ይሰበሰቡና በሚሽከረከሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ዲስክ ይለዋወጣሉ። ያንተ እሽቅድምድም ለኔ፣ የኔ ቦክስ ላንተ። ሳንቲም አይነካም። አንድ ዲስክ አምስት ስድስት ቤት ዞሮ፣ አርጅቶና ተጭሮ ወደ መጀመሪያ ጌታው ይመለሳል። ስለዚህ በእነሱ ሥራ ጌም ወጪ አይደለም። ወጪ ማለት ማሽኑ ነው። ርካሽ ማሽን ሲመጣም ምን እንደጎደለው ሁሉም ያውቃል፤ ጌም የሚከማችበት ማስታወሻው፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ ትንሽ ነው። ጌማቸው ዲስክ ላይ ስለሆነ ደግሞ ማስታወሻ ቢያንስ ቢበዛ ግድ የላቸውም። አሥራ አንድ ዓመት ርካሹን ሲገዙ ኖረዋል፣ አሥራ አንድ ዓመትም ልክ ነበሩ።

አምና አዲሱ ማሽን ወጣ። የዘንድሮው የኳስ ጌም በአሮጌው ማሽን እንደማይሠራ ተነገረ። ተጫዋች ደግሞ አይምርም፤ ክለብ የቀየረን ኳስ ተጫዋች በድሮ ማሊያው ካየ ይስቅብሃል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሁለቱም፣ ባሌም ወንድሜም፣ መግዛት ነበረባቸው። ማሽኑ በሁለት ዓይነት መጣ። ስሙ አንድ ነው፣ ፊቱም አንድ ነው። ያንደኛው ዋጋ ግን በጣም ወረድ ያለ ስለሆነ በሦስት ውድ ማሽን ዋጋ አራት ያስገዛል።

መጀመሪያ ማሽኑን የሚሸጠው አስመጪ ዘንድ የሄደው ባሌ ነበር። ባሌ መጠየቅ ይወዳል፤ አንድ ካልሲ ለመግዛት ባለሱቅ ያስለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ፣ በር ላይ ጫማውን እየፈታ፣ ፊቱ በርቶ አየሁት። ርካሹ ማሽን ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም አለኝ። ጌሙ የሚገዛው ከራሱ ከኩባንያው ነው፣ በኢንተርኔት፣ በውጭ አገር የባንክ ካርድ። አንዴ ከተገዛ አይሸጥም፣ አይዋስም፣ ሰኞ ይዘውት አይመጡም። ስለዚህ ውዱን ሊገዛ ወስኗል፣ ሦስት ብቻ።

«ለዳኛው ነገርከው?» አልኩት።

ጫማውን ፈቶ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

«ይሄ መንገድ ሁለት ጌም ቤት አይችልም» አለ። «እሱ አራት ርካሽ ይግዛ። አንቺም እንዳትነግሪው።»

ጮህኩበት፣ ተጣላሁት፣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልጮህኩም። የቤቱን ኪራይ አሰብኩ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አሰብኩ፣ ከዚያ እራት ምን ልሥራ አልኩት። ሰው ክፉ ሲሆን ነጎድጓድ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ምንም አልተሰማም።

በማግሥቱ ወንድሜ የአስመጪውን ወረቀት ይዞ ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። አራት ቴሌቪዥን አለኝ፣ አራት ማሽን አገኘሁ፣ ለማን ብዬ አንዱን ቴሌቪዥን አስቀምጣለሁ አለኝ። ከመንገዱ የሚገባው አቧራ አሮጌዎቹን ስለጨረሰበት ለአዲሶቹ የጨርቅ ልብስ እንድሰፋላቸው ፈልጎ ነው። ቁመቱና ስፋቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሜትሬን አነሣሁ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ።

«ዲስክ የሚገባበትን ክፍት አድርጊልኝ፣ እታለም» አለኝ። «ሁሌ ልብሱን እንዳላወልቅ።»

«የት ጋ ነው?» አልኩት።

ወረቀቱን አገላበጠ። ሥዕሉ ላይ አይታይም። «እንደ ድሮው በቀኝ በኩል ይሆናል» አለና በጠመኔዬ ራሱ ምልክት አደረገ።

አሁንም እጄ ላይ የሚሰማኝ ያ ጠመኔ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ገና ገንዘቡን አልከፈለም፤ ከሰዓት ነበር የሚሄደው። እኔ ግን በምልክቱ ላይ ቀደድኩ፣ ዙሪያውን ዘመዘምኩ፣ አራት ጊዜ። እንዲያውም አሳምሬ ዘመዘምኩት። ሲሄድ እጄን ስሞ ነው የሄደው።

ካርቶኑን ሲከፍት አልነበርኩም፤ ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ። ማሽኑን ልብሱን አልብሶት፣ ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ በክፍቱ ሊከተው ሞከረ። ልብሱ የተጣመመ መስሎት አቃናው። ከዚያ ልብሱን አወለቀና ማሽኑን ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። ሁለተኛውን ካርቶን ከፈተ፣ ሦስተኛውን ከፈተ። አራተኛውን ባይከፍተው ኖሮ አንዱን እንኳ አስመጪው ይቀበለው ነበር። የተከፈተ ካርቶን ግን መልሶ አይወስድም።

ወንድሜ ግን ሙሾ የሚያወርድ ሰው አይደለም። ባለካርድ ፈለገ፤ ዘመዱ ውጭ አገር ያለና ካርዱን እያከራየ የሚኖር ሰው አለ። በሱ በኩል የኳስ ጌሙን ገዛ። የባለካርዱ ድርሻ ሲጨመር የጌሙ ዋጋ አብጦ መጣ። አንድ ግዢ በሁለት ማሽን ላይ ብቻ ይሠራል ተባለ፤ ሁለተኛ ገዛ። ጌሙ እስኪወርድ ኢንተርኔቱ ሦስት ቀን ሙሉ ገንዘብ ጠጣ። ሩቅ ካለ ሰው ጋር ለመጫወት በየዓመቱ የሚከፈል አለ ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት የናቀው ማስታወሻ ደግሞ አሁን ጌታ ሆነበት፤ ሞላ፣ አንዱን ጌም ካልሰረዝክ ሌላውን አላስገባም አለው።

ኩባንያዎቹን ያኔ ነው ለማወቅ የሞከርኩት። የጨርቅ ሰው ነኝ፣ ዋጋ ይገባኛል። ኩባንያና ኩባንያ ይፎካከራሉ፤ የማን ማሽን ረከሰ እየተባለ ይወራል፤ ገዢውም ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ ይመርጣል። ያ የረከሰው ገንዘብ ግን የትም አልሄደም። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀማል፣ በጌም፣ በዓመታዊ ክፍያ፣ በማስታወሻ። ሰው ደንበኛ ሆኖ ይገባል፣ ገባር ሆኖ ይቀራል። ይህን ሳውቅ ተናደድኩ። ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም። እነሱ ወንድሜን አያውቁትም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚገርም ነገር ሆነ። ወንድሜ የአንዱን ጨዋታ ዋጋ ቀነሰ፣ አራቱም ማሽን ሞላ፣ ባሌ ቤት ዝንብ ብቻ ቀረ። ባሌ ምግብ አልበላ አለ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ዝምታዬ ማንንም አልጎዳም፣ ተረፍኩ አልኩ። ለባሌ ሾርባ እየሰጠሁ ለወንድሜ የምደሰት፣ እንዲህ ያለች ሰው ሆንኩ።

ከዚያ ተጫዋቾቹ ኳሱ ሰለቻቸው፣ እሽቅድምድም አሉ፣ ድብድብ አሉ። ባሌ ሰኞ ሄዶ አምስት ዲስክ ይዞ ይመጣል፣ ሳንቲም ሳያወጣ። ወንድሜ ለእያንዳንዱ አዲስ ጌም ባለካርዱ ጋ ይሄዳል፣ ሁለት ሁለት ይገዛል፣ በቀነሰው ዋጋ ይሠራበታል። ዋጋውን መልሶ ልጨምር ሲል የጋራዡ ሠራተኞች ተነሥተው ወጡ። ባሌ ውድ ማሽኖቹ ገንዘባቸውን እንደመለሱ በነገረኝ ሳምንት ወንድሜ አንዱን ቴሌቪዥን ሸጠ።

ሰኞ ሰኞም ይሄድ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ያሉት የአሮጌው ማሽን ዲስኮች ናቸው፣ የሚፈልጋቸው የለም። የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሳይኖር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሌሎቹን ዲስክ ተቀብሎ ጭረታቸውን በጥርስ ሳሙና እያሸ ይመልስላቸዋል። ማንም አላባረረውም። አንድ ቀን ግን ቁልፉን ለፀጉር አስተካካዩ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ልውውጡ ባሌ ቤት ሆነ።

ቤቱን የዘጋ ዕለት ማሽኖቹን ለአንድ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሰጠ። የገዛቸው ጌሞች በስሙ የተመዘገቡ ስለነበሩ አብረው አልተሸጡም። ዛሬም ከፈለገ የራሱ ናቸው፤ የሚጫወትበት ማሽን የለውም እንጂ።

ባሌ ሥራ ሊሰጠው ያሰበው ከቸርነት ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩትም። ባለፈው እሑድ ቀን ላይ ቤታችን ጠራው። አንድ ዳኛ ያስፈልገኛል፣ ግርግሩ በዝቶብኛል አለው፣ ቃሉን እየመረጠ። ወንድሜ ደመወዙ ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም፣ እሺ አለ። ባሌ ሻይ ላምጣ ብሎ እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ራሱ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። በዘመኑ ሻይ አፍልቶ አያውቅም።

ሁለታችን ቀረን። ወንድሜ ጉልበቱን አቅፎ ወለሉን ያያል። ፀጉሩ ላይ ሽበት አየሁ፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። ሁሉንም ልነግረው ፈለግሁ፣ ይምታኝ፣ ይርገመኝ፣ ግን ይወቀው አልኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «ወረቀቱን ይዘህ የመጣህ ዕለት እኔ…»

እጁን አነሣ፤ ተጫዋቾችን ዝም ሲያሰኝ እንደሚያነሣው።

«ተይው እታለም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ቤት ገብቼ መቆም አለብኝ። ከነገርሽኝ መቆም አልችልም።»

ባሌ ሦስት ብርጭቆ ይዞ ወጣ፣ ሻዩ ቀጥኗል፣ ስኳርም ረስቷል። ወንድሜ አመሰገነውና ጠጣ። ከዚያ የጌም ቤቱ ቁልፍ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ከቁልፎቼ መሐል ለይቼ ሰጠሁት።