እናቴ ስትጠየቅ እኔ የመለስኩት

ለሌላ ሰው የቀረበን ጥያቄ፣ ያ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ፣ እናንተ መልሳችሁለት ታውቃላችሁ? እኔ መልሻለሁ። ያውም በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር የገዛ ድምፄ አንዳንዴ ይቀፈኛል። ዛሬም ድረስ ከሐሳቤ አልወጣም።

ወረታ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ወላጆቼ የሚኖሩት ቁሐር ሚካኤል ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። እናቴ ወፍራም ሴት ነበረች። ለማያውቅ ላስረዳ፤ በእኛ አገር ውፍረት ነውር አይደለም፤ የምቾት ምልክት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ፣ «የፎገራ ሩዝ የት እንደሚገባ ቢጠፋን፣ ለካ አንቺ ዘንድ ኖሯል!» እያለች ትቀልድባት ነበር። እናቴም አብራ ትስቃለች።

ጉልበቷ ግን ክብደቷን አልቻለም። ስኳርም ነበረባት። ክረምት ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ለወራት ከቤት አትወጣም። በበጋም ቢሆን በምርኩዝ የምትደርሰው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የውጭ በር ድረስ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አባቴ ውስጥ ሲያዜሙ ድምፃቸውን ከሩቅ ትሰማለች። «እንደ ሰው ውስጥ ገብቼ ሳልቆም ልሞት ነው» ትል ነበር። አንጀቴን የበላኝ ይህ ንግግሯ ነው።

ክብደት ስለሚቀንስ መድኃኒት ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ መድኃኒት ነው። ያገኘሁትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ፤ የሚሠራበትን መንገድ በሥዕል ሳይቀር አሰፈርኩ። አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር እየመጣ ወረታ በሚገኝ ክሊኒክ እንደሚሠራ ሰማሁና እናቴን በባጃጅ አመጣኋት።

ባለባጃጁ፣ «እማማ፣ መሃል ይቀመጡልኝ። ወደ አንድ ጎን ካሉ መገልበጣችን ነው» አላት።

«ብንገለበጥም እኔ ላይ ነው የምትወድቀው። ምንም አትሆንም» አለችው። ልጁ እስከ ወረታ ድረስ እየሳቀ ነዳ። እሷም መንገዱን ሙሉ ስትጫወት፣ ስትጠይቅ፣ ስትተርት ነበር። ምላሷ እንዲህ ስል የነበረች ሴት መሆኗን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ ያለ ትሑት ሰው ነው። ገና ሳንቀመጥ ደብተሬን ገለጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ እንደሚያደርግ፣ ረኀብን እንደሚያበርድ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስም እንደሚያመጣ ነገረን። ለሁሉም ሰው እንደማይሆንም ጨመረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እናቴ አዞረ።

«እናቴ፣ ሆድዎን አሞዎት ያውቃል? ከምግብ በኋላ እዚህ ከጎድን አጥንት በታች የሚወጋ፣ ወደ ጀርባ የሚሄድ?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እሱማ…» ብላ ጀመረች።

«ሆዷን አያማትም» አልኩ እኔ። «የእሷ ችግር ጉልበት ነው።»

ሐኪሙ አሁንም እሷን እያየ፣ «የሐሞት ጠጠር የሚያጠራጥር ነገር ካለ፣ መጀመሪያ አልትራሳውንድ እንዲነሡ ወደ ባሕር ዳር እልካችሁ ነበር» አለ።

«የለባትም» አልኩ።

ጾም ላይስ እንዴት ነዎት ሲላት፣ አባቴ መሪጌታ እንደሆኑ፣ ሕመምተኛ እንዲበላ ራሳቸው እንደሚያዝዙ፣ ስለዚህም እንደማታከር ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ማክረር አለማክረሯን ጠይቄያት አላውቅም። አባቴ ለምእመናን የሚሰጡትን ምክር ነው የነገርኩት።

በመጨረሻ፣ «እርስዎስ መድኃኒቱን ይፈልጉታል?» አላት።

«በጣም እንጂ! ለዚሁ አይደል የመጣነው?» አልኩት።

ሐኪሙ ጠበቃት። «እንዲህ ነው እናቴ?»

«እሱ ካለ እኔ ምን እላለሁ ልጄ? የተማረው እሱ ነው» አለችው።

ደሟን አስመርምሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ በትንሹ መጠን እንድትጀምር አዘዘላት። ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ መርፌውን አቁሜ በዚያው ዕለት እንዳመጣት ደጋግሞ አሳሰበኝ። ይህንንም በደብተሬ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ስንመለስ እናቴ ዝም አለች። «ምነው ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም። ብቻ ከዶክተር ፊት እንዲህ ትናገራለህ አንተ!» አለችኝ። ደስ አለኝ። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት፤ እሷም የተናገረችው ለምስጋና ነበር።

መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ በአከራዬ ፍሪጅ አስቀመጥኩ። በየእሑዱ በበረዶ ይዤው ቁሐር እወርድና እወጋታለሁ። ሠንጠረዥም አዘጋጀሁ፤ ቀን፣ ክብደት፣ ምግብ፣ የታየ ሕመም የሚል። ክብደቷ በእርግጥም ቀነሰ። የምትደገፍበትን ግድግዳ ትታ ሁለት ሦስት እርምጃ ስትራመድ ሳያት፣ ለትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቆማታለሁ ብዬ በልቤ ተሳልኩ።

በእኛ ቤት ሌላ ጊዜ ሰው ሳይበላ ቢውል ወዲያው ይታወቃል። በዐቢይ ጾም ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃም አይቀመስም። ከዚያም በኋላ አንድ ሰው ጥቂት ጎርሶ ቢተወው ስለ ጽድቁ ነው የሚባለው። አባቴም እንደዚያ ነበር ያሰቡት። እናቴ ራሷ፣ «ዘንድሮ ጾሙ ቀለለኝ። እግዜር አገዘኝ» አለችኝ። መድኃኒቱ መሆኑን አስረዳኋት። «በምንም ያግዘኝ፣ የሚያግዝ እሱ ነው» አለች። ተሳሳቅን።

ሐኪሙ በስልክ ሲጠይቀኝ «እጅግ ጥሩ ነው» አልኩት። «ታስመልሳለች?» አለኝ። «አታስመልስም» አልኩት።

በስድስተኛው እሑድ ስደርስ መደቡ ላይ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተጣጥፋ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። እትዬ ሙሉ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ከጓሮ ስታስመልስ ነው የሰነበተች። አንተ ነህ መድኃኒቱን የምትሰጥ፤ አላወቅህም?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትንፋሿን ሰብስባ ነው የመለሰችልኝ። «ባለፈው እሑድ ስትጽፍ ‹ሕመም፣ የለም› ስትል ሰማሁህ። የለም ካልክ የሚያልፍ ነው ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው። ስጽፍ ድምፅ አውጥቼ የማንበብ ልማድ አለኝ። ያንን ዓምድ በየሳምንቱ የሞላሁት እሷን ሳልጠይቅ ነበር።

ባሕር ዳር ሆስፒታል አደረስናት። ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ ቆሽቷም በጽኑ ተቆጥቷል። እትዬ ሙሉ ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው የነገረችኝ። እናቴ በየዓመት በዓሉ ቅባት ያለው ነገር ከበላች በኋላ ጎኗን ይወጋት ነበር። ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ አሙቃ፣ ትይዝበታለች። «ለልጄ እንዳትነግሪ፤ ጉልበቴ ይበቃዋል» ብላት ኖሯል። ክሊኒኩ ውስጥ ልትናገር የጀመረችው ያንን ነበር። መድኃኒቱ ብቻውን ያመጣው ይሁን ጠጠሩ፣ ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። አልትራሳውንድ ተነሥታ ቢሆን ግን ያ መርፌ መጀመሪያም ባልታዘዘላት ነበር።

የቅዳሜውን ሐኪም ሄጄ ነገርኩት። «እኔም ከክፍሉ ላስወጣህ ይገባኝ ነበር» አለ። ጥፋቱን ሊካፈለኝ ነው። አልቀለለኝም።

እናቴ አልሞተችም። ሆስፒታል ሳለች ግን አንድ ጠዋት አንዲት ሐኪም መጥታ፣ «እናቴ፣ ሕመሙ ዛሬ እንዴት አደረ?» አለቻት። እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ገባኝና ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሐኪሟ ጥያቄውን ደገመችው። ከውስጥ የሰማሁት የእናቴ ድምፅ፣ «ልጄን ጥሪልኝ፤ እሱ ይነግርሻል» የሚል ነበር።

አሁን ቁሐር ናት። ከስታለች፤ እትዬ ሙሉም መቀለዱን ትታለች። ጉልበቷ ክብደት ባይኖርበትም አቅም የለውም፤ ቆሽቷ በመጎዳቱ ስኳሯም ብሶ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። እስከ ውጭው በር እንኳ መድረስ ቀርቷል። በየእሑዱ እሄዳለሁ። «እንዴት ሰነበትሽ?» እላትና አፌን እይዛለሁ። «አንተ ምን ይመስልሃል?» ትለኛለች። ያቺ ባለባጃጁን ያሳቀች ሴት የምትመለስ አይመስለኝም። ተስፋ አለኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ፣ ጥያቄው ለእነሱ ሲቀርብ ዝም በሉ። መልሱን የምታውቁት ቢመስላችሁም ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ያሳፍራል፤ ሐኪሙም ቸኩሎ እናንተን ሊያይ ይችላል። እናንተ መሬት መሬቱን እዩ። ከከበዳችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። እኔ የሞከርኩት ዘግይቼ ነው። እናንተ አሁን ሞክሩት።