ፋብሪካው የጠራት መኪና

ቁጡ ሰው ነኝ። ወልድያ ውስጥ በመካኒክነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደንበኛ ሊያስተምረኝ ሲሞክር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የመርሳው ሽማግሌ ያችን ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪናቸውን ይዘው ጋራዤ መጥተው ከኪሳቸው ወረቀት ሲያወጡ፣ ገና ሳይናገሩ ተናድጄ ነበር።

«ልጄ፣ ስትሞቅ ትጠፋለች። ትንሽ ስታርፍ ደግሞ ትነሳለች» አሉኝ። «ዐረብ አገር ያለው ልጄ ይህን ላከልኝ። ፋብሪካው እንዲህ ያለችውን መኪና መልሱልኝ ብሏል፤ የነዳጅ ፓምፗ ጉድለት አለበት አሉ። በነፃ ይቀይራሉ። እስኪቀየር ድረስ ግን የነዳጅ ታንከሩ ከግማሽ በታች አይውረድ ይላል፤ ፓምፑን የሚያበርደው ነዳጁ ነው።»

«አባቴ፣ ፋብሪካው ከጠራዎት ይሂዱ እንጂ! ሰው ተጠርቶ ይቀራል?» አልኳቸው።

ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሚሳቅባቸው እሳቸው ሆነውም ሳቁ። ከሄዱ በኋላ ለጎረቤቴ ለጎማ ጠጋኙ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ተረትኩባቸው።

ከዚያ የማውቀውን ሠራሁ። ሞቀች ከተባለ ሞተሯ ነው ብዬ ራዲያተሩን አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ተርሞስታቱን አውጥቼ ጣልኩ። ለሙቀት እኛ ሰፈር የሚታወቀው መድኃኒት እሱ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን ቢጫ መብራት ደግሞ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኳት። ፓምፑ ያለው ታንከር ውስጥ ነው፤ ታንከር ማውረድ አድካሚ ስለሆነ አልነካሁትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ለሽማግሌው ደውዬ «ምንም የለባትም፣ መጥተው ይውሰዷት» አልኳቸው።

እሳቸው ሳይመጡ ጦርነቱ ቀረበ። በዚያ ክረምት ቤንዚን ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ያገኘ ሰው ታንከር ውስጥ አያኖረውም፤ በሌሊት በቱቦ ይቀዱበታል፣ መንገድ ላይም ይወስዱበታል። በጀሪካን አድርጎ ከእህል ጆንያ ጀርባ ይደብቀዋል፣ ለመኪናው እንደ ጠበል ጠብ ጠብ ያደርግለታል። እኔም ሃያ ሊትር ነበረኝ። መኖሩን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ መቆም አትችልም ነበር። የከባድ መሣሪያው ድምፅ መስኮታችንን ማንቀጥቀጥ የጀመረ ጠዋት፣ ሰፈሩ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ በእግሩ ወደ ደሴ መንገድ ሲወጣ፣ እሷ አልጋ ላይ ሆና በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ የሽማግሌውን መኪና አያለሁ። ባይመጡ ኖሮ ሳላስፈቅድ ይዣት ልሄድ ቆርጬ ነበር፤ አልዋሽም።

ግን መጡ። ሰው ሁሉ ከከተማው ሲወጣ እሳቸው ከመርሳ ገቡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መኪናቸው አልነበረም።

«እናትህስ?»

«ቤት ናት፣ አባቴ። መራመድ አትችልም።»

«በል እናንሳቸው። መርሳ ላይ ባለቤቴን እንይዝና ደሴ እንገባለን፣ ኢንሻአላህ።»

የኋላውን ወንበር አጠፍኩና ፍራሽ አነጠፍኩ። እሳቸው የእናቴን ነጠላ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ሲገቡ ጀሪካኑን ከፍራሹ ስር፣ ጥግ ላይ ከተትኩት። የነዳጅ መርፌዋ ከታችኛው መስመር ብዙም አልራቀችም። ከጀሪካኑ ግን አልጨመርኩላትም።

መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቶ ስለነበር እንደ ኤሊ ነበር የምንሄደው። ሲሪንቃ ሳንደርስ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አድርጎት ጠፋ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ራዲያተሩ ላይ ውሃ አፈሰስኩ፣ የባትሪውን ገመድ ነካካሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሳች።

«አየህ፣ አረፈችና ተነሳች» አሉ ሽማግሌው። «ወረቀቱ እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ወልድያን አያውቃትም» አልኩ። መሪውን ይዤ ነዳሁ።

የሲሪንቃን የእርሻ ምርምር ጣቢያ እንዳለፍን ደግማ ጠፋች። አሁን ግማሽ ሰዓት ፈጀች። እናቴ ከኋላ «ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል» አለች። ጋራዥ የቆየች መኪና እንደዚህ ናት አልኳት።

ለሦስተኛ ጊዜ የቆመችው መርሳ ልንደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ነው። ፀሐዩ ከደመናው ወጥቶ ቆላው ይፋጃል። ቁልፉን ባዞር ባዞር እምቢ አለች። ከኋላችን ያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ቀርቧል፤ በጎናችን የሚያልፈው ሰው እርምጃውን አፍጥኗል። ይህ ሁሉ ሰው እግር አለው። እኔም አለኝ። እናቴ ግን ያለቻት ይህች መኪና ብቻ ናት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አውጥተው አዩና መልሰው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ነዳጅ ነው የሚያስፈልጋት። ታንከሩ ውስጥ ካለችው ሌላ ጠብታ የለህም?»

ከጀሪካኑ የሚለየኝ የመኪናዋ የኋላ በር ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየን መሰለኝ። እዚህ ሳወጣው ቢነጥቁኝስ? እዚህ ከጨረስኩት የደሴን ዳገት በምን እወጣለሁ? ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እሱን ማውጣት ማለት ወረቀቱ ልክ ነው ማለት ነበር።

«የለኝም» አልኩ።

«አብሽር ልጄ፣ አይዞህ። ከታች ውሃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው ገበሬዎች አሉ፤ እነሱ ቤንዚን አያጡም። አንተ ከእናትህ አትለይ።» ባዶ የውሃ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጀርባቸው ከሰው ጋር እስኪቀላቀል አየኋቸውና አልጠራኋቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። የሚያልፈው ሰው ሳሳ። ኮፈኑን ከፍቼ ያልነካሁት ነገር አልነበረም፤ ሞተሩን እየሰደብኩ ጣቴን ቆረጥኩት። በመጨረሻ እናቴ ጠራችኝ።

«ተወኝና ሂድ» አለች። «እኔ አርጅቻለሁ። ከመንገዱ ዳር፣ ጥላ ስር አድርገኝና ሂድ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እያለቀስኩ የኋላውን በር ከፍቼ ጀሪካኑን ከፍራሹ ስር ጎትቼ አወጣሁትና ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩት። ያን ያህል የፈራሁት ሰው ዞር ብሎም አላየኝ። ሁሉም የራሱን ሸክም ይዞ ያልፋል።

ትንሽ ጠበቅሁና ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ያለምንም ሳል፣ እንደ አዲስ መኪና።

ሽማግሌውን መርሳ መግቢያ አጠገብ አገኘናቸው። ወደ እኛ እየተመለሱ ነበር። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፣ ለብሰውት የሄዱት ኮት የለም። ጀሪካኑ ውስጥ ሦስት ሊትር የማይሞላ ቤንዚን ይዘዋል።

«ተነሳች! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ገቡ። ከዚያ መርፌዋን አዩ። «ከየት ተገኘ?»

«ሰው ሰጠን» አልኩ።

«አትዋሽ!» አለች እናቴ ከኋላ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ማንም አልሰጠንም፣ አባቴ። ከፍራሼ ስር ነበር። ጎኔን ሲወጋኝ ነው የመጣሁት። አንቱ ሲሄዱ አውቅ ነበር፤ ልጄን እንዳላዋርደው ብዬ ዝም አልኩ። ለእግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ።

«አንቱማ እግር የለዎትም፣ እህቴ» አሉ። «በእርስዎ ማን ይፈርዳል?»

ከዚያ መኪናዋን አስቆሙኝ። ወርደው ጥለውን የሚሄዱ መሰለኝ። ዞረው የታንከሩን ክዳን ከፈቱና ያቺን በኮታቸው የለወጧትን ቤንዚን አንድም ጠብታ ሳያፈስሱ ጨመሩበት። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ፣ በሩን ዘጉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ወደ እኔ አልዞሩም።

«ንዳ» አሉ። «ባለቤቴ ትጠብቀናለች።»