አለቀልን ያልፈተሸው ሽቦ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም "አለቀልን" ነው። ሠላሳ ዓመት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ በሥራው እንከን አይወጣለትም። ግን ጣራው ጠብ ካለ "አለቀልን"፣ ደንበኛ ስልክ ካላነሳ "አለቀልን"። ሚስቱማ "ዛሬ ስንቴ አለቅን?" እያለች ትቀልድበታለች።

ሰሞኑን ግን ቀልዱ ቀረ። ቢሮ ገባችልኝ ብሎ የሚኮራባት የበኩር ልጁ በጠራራ ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ አየችው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከዚያ ፊቷን አዙራ እብስ! እሱ መሰላሉን እንደተሸከመ፣ ቱታው በኖራ እንደተለወሰ ቆሞ ቀረ። በቃ፣ አፈረችብኝ አለ፤ አንጀቱ ቆሰለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለላትም። እሷም አልደወለችም፤ ይሄንኑ ማረጋገጫ አደረገው። ለእናቷ ሥራ በዝቶብኝ ነው ማለቷን ሲሰማም ሰበብ ነው አለ። ሚስቱ ደውልላት ብላ ብትለምነው ወይ ፍንክች!

ደረቱን ውጋት ሲይዘው ጤና ጣቢያ ሄደ። ልቡ ደህና ሆና ተገኘችና ወደ ምክር ክፍል መሩት። ባለሙያዋ የልጁ እኩያ ናት። ታሪኩን ሰምታ ወረቀት በሦስት ከፈለች፤ የሆነውን፣ ያሰበውን፣ ማስረጃውን ለየብቻ እንዲጽፍ አዘዘችው። በዚህ ዕድሜዬ የቤት ሥራ ብሎ አጉረመረመ፤ ጻፈ ግን። የሆነው፣ ፊቷን አዞረች። ያሰበው፣ አፈረችብኝ። ማስረጃው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ሰው ሲከፋው የሌላውን ልብ ያነበበ ይመስለዋል፣ ከአንዲት ነገር ተነስቶ መጨረሻውን ይፈርዳል፣ ያሰብነው ሁሉ እውነት አይደለም አለችው። በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ሊያፈሰው ነበር።

"ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በምን ያውቃሉ?" አለችው።

"በቴስተር ነካ አድርጌ ነዋ። በግምት የሚነካማ ይሞታል።"

"ልጅዎንስ ጠየቋት?"

አለቀልን ደረቱን ዳበስ አደረገ። ቴስተሩ እንደ ሁልጊዜው የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከጤና ጣቢያው በር እንደወጣ ደወለላት። ያን ቀን ለምን ፊቷን እንዳዞረችበት ሳይቆጣ ጠየቃት። ለቅሶዋ መጣ።

"አባዬ፣ ያን ቀን ከሥራ አሰናብተውኝ መውጣቴ ነበር። ሳለቅስ እንዳታየኝ ብዬ ነው። ሳትደውል ስትቀር ደግሞ ሰምተህ ያፈርክብኝ መሰለኝ።"

ወይ የኔ ነገር! ሦስት ሳምንት ልጁ ብቻዋን ስታለቅስ እሱ አኩርፎ ተቀምጧል። ይሄ ከደረቱ ውጋት የባሰ አመመው። ከቤት እንዳትወጪ፣ መጣሁ አላትና ወረቀቱን ከቴስተሩ ጋር ኪሱ ከቶ ታክሲ ያዘ።

በሯን አንኳኳ። ቶሎ አልተከፈተም። ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል፣ ልታየኝ አልፈለገችም የሚል ነገር መጣበት።

ደግሞ አንኳኳ።