በጥሩ ስፓኒሽ እምቢ አልኩ

ወደ አሜሪካ ልሄድ ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ዋዜማ ማታ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም የሚመክረኝ ስለ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህር ነበርኩ፤ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ የተማሪ ነጥብ የምቀንስ፣ በዚህም ጠባዬ ከተማው የሚያውቀኝ። አጎቴ ጋሽ ተፈራ አቅፈውኝ፣ «አንተ እንኳ ምን ቸገረህ፤ ቋንቋውን ይዘህ ነው የምትሄደው» አሉኝ። እናቴ ብቻ ስለ ቋንቋ አላወራችም፤ ሹራብ ደርቤ እንድለብስ እየነገረችኝ ሻንጣዬን ደጋግማ ትከፍትና ትዘጋ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም አልኳት። የሲልቨር ስፕሪንግን ጥር ገና አላየሁም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ የአክስቴ ልጅ ሰሎሞን ቤት አረፍኩ። ሥራ ያገኘሁት ግን ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቼ ፊት እንደምቆመው ቆሜ፣ በተጣራ እንግሊዝኛ ራሴን አስተዋወቅሁ። ከአንሶላው ክምር ጀርባ ያሉት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝና ወደ አንሶላቸው ተመለሱ። ሁሉም የሚያወሩት ስፓኒሽ ነው። ማሽኖቹ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሳይቀር ስፓኒሽ ነው። ጋሽ ተፈራን አስታውሼ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ማታ ማታ ልማር ብዬ ኮሌጅ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ሐበሻ ናት፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ኢንግሊሽ ክላስ ነው የፈለግከው?»

«አይ፣ ስፓኒሽ።»

«ኢንግሊሹ እኮ ፍሪ ነው።»

«እንግሊዝኛ አስተምር ነበር።»

«ታዲያ ስፓኒሽ ለምን?»

«አሜሪካ ስለመጣሁ» አልኳት። አልሳቀችም፤ መዘገበችኝ።

አብረውኝ የሚማሩት አሜሪካኖች ግሱ በየባለቤቱ መልኩን ሲለዋውጥ ራሳቸውን ይይዛሉ። እኔ የገዛ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አዝሎ ሲሄድ እያየሁ አድጌ ይሄ ምን ይገርመኛል? ለትልቅ ሰው ኡስቴድ፣ ለእኩያ ቱ ሲሉኝ፣ አንቱና አንተ ብዬ አለፍኩ። ጠረጴዛ ሴት ናት ሲሉኝ ብቻ ትንሽ ተከራከርኩ። ከሁሉ የወደድኩት ሱብሁንቲቮ የሚሉትን፣ ምኞት የሚነገርበትን የግስ መልክ ነው። ይስጥልኝ፣ ያኑርልኝ ሲባል ያደገ ሰው እሱ አያቅተውም። አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ግስ ሳረባ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው «ኤሜን» አሉኝ።

አለቃችን ዶኛ ሚርና የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት፤ ዶኛ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ስፓኒሹ ከገባኝ በኋላ የፈረቃችን ኃላፊ ሥራ ለቀቀ። ቦታውን ክፉኛ ተመኘሁት። ኃላፊ የሆነ ሰው የዓመት እረፍት ከነደሞዙ ያገኛል። እኔ የቀረሁበት ቀን አይከፈለኝም፤ ስለዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እናቴን አላየኋትም።

አንድ ቀን ፎጣ ሳጥፍ ዶኛ ሚርና መጣችና ኃላፊነቱን ትወስዳለህ ወይ አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ግን የቀረበለትን ሁሉ ከእጅ ነጥቆ የሚበላ ምን ዓይነት ሰው ነው? መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ጋባዡ በሞቴ ይላል። አሁንም እምቢ ይባላል። አፈር ስሆን ሲል፣ ያኔ ለእሱ ሲባል፣ እያቅማሙ ይቀበሉታል። እናም አንገቴን ደፍቼ፣ «ኦሃላ ኬ ኤንኩዌንትሬ አ አልጊየን ሜሆር» አልኳት፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ያግኙ ዘንድ እመኛለሁ ማለት ነው። ሱብሁንቲቮው እንከን አይወጣለትም።

«ዴ አኩዌርዶ» አለችኝ። እሺ ማለት ነው። ሄደች።

በሞቴውን ጠበቅሁ። ምሳ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ከሰዓት በኋላ ያለ ጉዳይ በቢሮዋ በር ተመላለስኩ። በማግሥቱ አብሮን የሚሠራውን ቦሊቪያዊ ሮሄርን ጠርታ ስታነጋግረው አየሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ለሰሎሞን ነገርኩት።

«እና ምን አልካት?»

«እምቢ።»

«ፎር ሪል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቀችኝ።»

«ስማ፣ እዚህ አገር ሁለተኛ የሚጠይቅህ ፖሊስ ብቻ ነው። ነገ ሂድና ንገራት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።»

እዚሁ የተወለደችው ልጁ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ኖ ሚንስ ኖ፣ አንክል» አለችኝ።

ጠዋት ሜትሮ ባቡር ውስጥ ረጅም፣ ያማረ ንግግር አዘጋጀሁ። ዶኛ ሚርና ፊት ስቆም ሁሉም ጠፋኝ። «ኪዬሮ ኤል ፑዌስቶ» አልኩ፤ ቦታውን እፈልጋለሁ። ጀማሪ ተማሪ የሚናገረው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብልግና ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን እምቢ አልክ?»

«በእኛ አገር መጀመሪያ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«እንደ ሰዉ ነው። ከሁለቴ ግን አያንስም።»

ትንሽ አሰበች። «ከቤት ፑፑሳ ይዤ ስመጣ አልፈልግም የምትለኝስ?»

ፑፑሳ አይብ የተሞላ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ሽታው ስንት ቀን አንጀቴን በልቶታል። «እሱም ያው ነው» አልኳት።

«ዲዮስ ሚዮ»፣ አምላኬ ብላ ግንባሯን ያዘች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሮሄርም እምቢ ብሏት ኖሯል፤ የእሱ እምቢታ ግን የምሩን ነው። ቦታውን ሰጠችኝ፤ እረፍቱን የማገኘው ዓመት ስሠራበት እንደሆነም ነገረችኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እረፍት ላገኝ ነው። እመጣለሁ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። ለእኔ ብለህ ሥራህን እንዳትበድል።»

ልምጣ ባልኳት ቁጥር የምትለኝ ይህንኑ ነው። እኔም እሺ እያልኩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቄ ስልኩን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ስልኩን አልዘጋሁም።

«በሞቴ፣ እማዬ፣ ልምጣ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ምን ያንገላታሃል?»

«አፈር ስሆን።»

«አፈር አይንካህ» አለች። ወንበር ስትስብ ሰማሁ።

«ለመቼ ነው?» አለችኝ።