ቀብር ላይ የተነበበው ወረቀት

ዘርፉ አዳማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። ባሏ ደገፋ በሞተ በሰባተኛው ወር፣ ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ ሊዲ አሮጌ ላፕቶፕ አምጥታ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«እማ፣ ግድግዳ ከምታዪ ይሄን እዪ» አለቻት።

ሰው ሁሉ በነጻ የሚጽፍበትን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ያገኘችው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስለ ሶደሬ ፍል ውሃ አንድ ገጽ ጻፈች። መጨረሻውንም እጇ እንደለመደው «ከሰላምታ ጋር፣ ዘርፉ አብተው» ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ሙሉብርሃን የሚባል ነባር አርታዒ መልእክት ተወላት። «እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ የሚጻፈው የሁሉም ስለሆነ ገጽ ላይ አይፈረምም። የሚፈረመው ውይይት ላይ ብቻ ነው። ሰላምታውን ግን ተቀብያለሁ።»

ሳቀች። ደገፋ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ደንቦቹን በቁም ነገር ያዘቻቸው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ አሳተመቻቸው፤ ቦክስ ፋይል ውስጥ አሰረቻቸው፤ በቀይ እስኪሪብቶ አሰመረችባቸው። የምታውቀውን ሳይሆን ታትሞ የወጣውን ጻፍ ይላል። ለማንም አታድላ ይላል። ስለ ቅርብ ሰውህ ከጻፍክ ዝምድናህን አስታውቅ ይላል። ይህን የመጨረሻውን ስታነብ ፋይሉን ከደነችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልትጽፍ ያሰበችው ስለ ደገፋ ነበርና።

የሙት ዓመቱ ሳምንት ላይ ጻፈችው። ደገፋ መምህር ነበር፤ በወጣትነቱ አርሲ ነገሌ፣ እህል ገበያው አጠገብ፣ ለሕዝብ የንባብ ቤት መሥርቷል። ለማስረጃ ቡፌው መስታወት ላይ ተለጥፎ የኖረውን፣ ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ወረቀት ፎቶ አንስታ አያያዘች።

ሙሉብርሃን ወዲያው አየው። «አቶ» የሚለውን አወጣ። «ነፍሱን ይማር» የሚለውንም አወጣና ከጎኑ «ምክንያት፦ ገለልተኝነት» ብሎ ጻፈ። ዘርፉ ይህን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ በውይይት ገጹ ላይ ጥያቄ መጣ።

«የሕይወት ታሪኩን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ሟቹን በቅርብ ታውቂያቸዋለሽ?»

«ባለቤቴ ነው።»

መልሱ ማታ መጣ። ሲመጣ «አንቺ» ማለቱ ቀርቶ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወረቀቱ ግን ከቤተሰብ የወጣ ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም። ገጹ ለስረዛ ቀርቧል። እስከ ሐሙስ ሌላ ሰው ጽፎ ያሳተመው ነገር ካገኙ ይቆያል።»

«ሦስት መቶ ሰው ቆሞ ሰምቶታል። አንድ የተቃወመ የለም» ብላ ጻፈች።

«ይገባኛል። የሰሙት ግን ከእርስዎ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፋ ነገሌ ስትደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። የደገፋ የድሮ ባልደረባ ጋሽ ጉደታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሬዲዮ አንቴና ያስራሉ።

«አካም ጂርቱ፣ ጋሼ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ዘርፌ! የአዳማ ሙቀት አባረረሽ እንዴ?»

የመጣችበትን ነገረቻቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሔት ይዘው ወጡ፤ በዞኑ ይታተም የነበረ፣ የ1988 ዓ.ም. የመምህራን መጽሔት። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስለ ንባብ ቤቱ ግማሽ ገጽ አለ። ዘርፉ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ታትሟል፤ ቀን አለው፤ የጻፈውም ሌላ ሰው ነው።

አነበበችው። ንባብ ቤቱን የከፈቱት መምህር ጉደታና ጫምሳ የሚባል የእህል ጆንያ ተሸካሚ ናቸው ይላል። ጫምሳ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ከአባቱ የወረሳትን አንዲት ክፍል ለመጻሕፍቱ ለቆ ዘመድ ቤት ገባ። መምህር ደገፋ በዓመቱ መጥተው የተቀዳደዱ መጻሕፍት ጠርዘዋል።

«ጋሼ፣ ቀብሩ ላይ ነበሩ።»

«ነበርኩ። ፊት ለፊትሽ ቆሜ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ለቅሶ ላይ ማን ሰው ያርማል፣ ልጄ? ደገፋ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ‹በሞትኩ በማግስቱ ተሾምኩ!› ይል ነበር።» ሊስቁ ሞከሩና ተዉት። «እኔስ ግድ የለኝም። ጫምሳ ግን ሲሞት የሕይወት ታሪክ ያነበበለት የለም።»

ዘርፉ የጫምሳን ስም ታውቀው ነበር። ደገፋ አንድ ሁለቴ አንስቶላታል። የቀብሩ ዕለት ወረቀቱን ስትጽፍ፣ የዕድር ሰዎች ደጅ ቆመው «አንድ ገጽ ይበቃል፣ ፍጠኚ» ሲሏት ግን የሞተው የእሷ ባል ነበር።

«ይሄ መጽሔት ሌላ ሰው ጋ ይኖር ይሆን?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አይመስለኝም። ውሰጂው።»

ማክሰኞ ላፕቶፑን ከፈተች። ሙሉብርሃን መጽሔቱን ከየት አምጥቶ ያያል? በደገፋ ገጽ ግርጌ የመጽሔቱን ስም፣ ዓመቱን፣ ገጽ 14 ብላ ሞላች። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀራት። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች። ከዚያ የሞላችውን አጠፋችና ስለ ንባብ ቤቱ አዲስ ገጽ ጀመረች። መጀመሪያው መስመር ላይ ጫምሳንና ጉደታን አስገባች፤ ሁለተኛው ላይ ክፍሏን፤ ሦስተኛው ላይ «በዓመቱ መምህር ደገፋ መጻሕፍቱን ጠርዟል» ብላ ጻፈች። በውይይት ገጹ ላይ ሚስቱ መሆኗን አስታወቀች። የደገፋ ገጽ ወደቀረበበት የስረዛ ውይይትም ሄዳ «ይሰረዝ» ብላ ጻፈች። እዚያ ይፈረማል። ፈረመች።

ሐሙስ ከሰዓት ሊዲ ደወለች።

«እማ፣ የአባዬ ገጽ የለም! ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ።»

«አንቺ?»

«የንባብ ቤቱ ገጽ አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ፈልጊው።»

ሊዲ ስታነብ ትንፋሿ በስልኩ ለዘርፉ ይሰማት ነበር። አጭር ስለሆነ ቶሎ አለቀ።

«ይሄ ብቻ?» አለች ልጅቷ።

ዘርፉ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ቡፌው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማላቀቅ ጀመረች።