ጌጤ መንገድ ስትፈልግ

በ1971 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጌጤ ከአስመራ ተዛውራ ቆቦ ስትገባ፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ የወረደላት ዕቃ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጥቁር ብስክሌት ነበር። ተሸካሚዎቹ ፍራሹንና ሻንጣውን ተሻሙ። ብስክሌቱን ግን ከየት በኩል እንደሚይዙት ግራ ገብቷቸው ተዉት። እሷው ራሷ እየገፋች ወደ ተከራየችው ቤት ወሰደችው።

ብስክሌቱ የባሏ የእሸቴ ነበር። እሸቴ የጦሩ መካኒክ ነው። ጦርነቱ አስመራን ሳይከባት በፊት፣ እሁድ እሁድ ሁለቱም በየብስክሌታቸው ከከተማ እየወጡ ይውሉ ነበር። ኋላ እሱ ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን በሚመላለሱ ወታደሮች እጅ ሰላምታው ይደርሳት ነበር፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሞተ ያላትም፣ አለ ያላትም ሰው የለም።

ቆቦ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠበችና መርፌ እየወጋች ስትሠራ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ባልደረቦቿ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ግን ዘመኑ ሰው ከሰው ጋር ልቡን ከፍቶ የሚጫወትበት አልነበረም። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እሷም ትገባለች፤ ሙቀቱ ሲበረታባት በር ላይ ወጥታ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትገባለች።

በመጀመሪያው እሁድ ብስክሌቷን ይዛ አስፋልቱን ተከትላ ወጣች። ብዙም ሳትርቅ የወታደር መኪናዎች ከኋላዋ ደረሱ። ጥግ ይዛ ቆመች። ወታደሮቹ ከላይ ሆነው አፏጩላት፤ አንዱ ቆቡን አውልቆ አውለበለበላት። የሚሄዱት ወደ ግንባር ነው፤ እሸቴ እነሱ መካከል ሊኖር አይችልም። ይህን እያወቀች ዐይኗ ግን አላርፍ አለ፤ የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲዘል፣ የእሱን ፊት ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲያ አስፋልቱን ጠላችው።

በሳምንቱ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወደ ተራራው ሥር በሚወስደው የእግር መንገድ ሞከረች። ግራሩ ጥሩ ጥላ ነበረው፤ እሾሁ ግን ሁለቱንም ጎማ በሳቸው። በጠራራ ፀሐይ እየገፋች ስትመለስ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው አዩዋት። በሌላው እሁድ በሆርማት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገባች። አሸዋው ጎማዋን ውጦ ያዘውና ወደቀች። ተነሥታ ልብሷን ስታራግፍ፣ የሳቀባትም ያዘነላትም አልነበረም። ወንዙ ባዶ ነው። ያኔ አለቀሰች።

ቢሆንም አልተወችውም። ግንቦት ላይ፣ ከከተማው በስተ ምሥራቅ በሜዳው ስትዞር ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ደረሰች። አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ኡሙሃኒ ይባላሉ። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ታሂር ለሚሊሺያ ተመልምሎ ሄዷል፤ ሴቷ ልጃቸው ኡሙሰልማ በስተ ሰሜን ባለችው በዋጃ ከተማ አግብታ ትኖራለች።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አሏት።

«መንገድ ነው የምፈልገው፣ እማማ።»

«ወዴት የሚወስድ?»

«ወዴትም።»

ኡሙሃኒ እንዝርታቸውን አቁመው አዩዋት። «ወዴትም የሚወስድማ ሞልቷል። ለዚህ ለጎማሽ የሚሆን ከሆነ፣ የግመሎቹን ተከተይ። አፋሮቹ ጨው ጭነው ከዞብል ተራራ ማዶ ሲመጡ በዚያ ነው የሚያልፉ። የግመል እግር ለስላሳ ነው፤ እሾህ ባለበት አይወስዱትም።»

እውነትም የግመሎቹ መንገድ ጠንካራና ንጹሕ ነበር። በማሽላ ማሳዎች መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ጌጤ በየእሁዱ ትንሽ ትንሽ እየገፋችበት ሄደች። አንድ ቀን አያሌው የሚባል የገበሬ ማህበር ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ አስቆማት።

«ጓዲት፣ በዚህ በኩል ምን ትሠሪያለሽ?»

«መንገድ እያየሁ ነው።»

«መንገዱ እዚያ ነው!» ብሎ ወደ አስፋልቱ ጠቆማት።

«እሱን አልፈልገውም።»

አያሌው ፊቱን አጨማደደ። መንገድ እያለ መንገድ የሚፈልግ ሰው ገጥሞት አያውቅም። አብሮት የነበረው ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ «ሃኪሟ እኮ ናት፤ ሚስቴን መርፌ የወጋቻት» ባይለው ኖሮ ይዟት ሊሄድ ነበር። «ብቻሽን አትሂጂ» ብሎ ለቀቃት። ከማን ጋር እንደምትሄድ ግን አልነገራት።

ሰኔ ላይ የጎሊናን ወንዝ ተሻግራ፣ አስፋልቱን አንዴም ሳትነካ ጎብዬ ከተማ ገባች። በገበያው ጀርባ ብቅ አለች። አንድ ሻይ ቤት ገብታ ተቀመጠች። መንገዱን አገኘሁት፣ ከቆቦ እስከዚህ ድረስ አገኘሁት ብላ የምትነግረው ሰው አማራት። አሳላፊው መጣ።

«ስኳር ይጨመር?» አላት።

«ይጨመር» አለችው።

ስትመለስ ኡሙሃኒ ዘንድ ጎራ አለች።

«ጎብዬ? ምን ልትገዢ?» አሉ ኡሙሃኒ።

«ምንም።»

«ምነው፣ ገበያው አልቆመም?»

ጌጤ ሳቀች። ቆቦ ከገባች ወዲህ የራሷን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር፤ ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባት።

ሐምሌ ዘነበ። ገበሬው አረሰ፤ መንገዱ ከማሳው ጋር አብሮ ተገለበጠ። ኋላም ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ሜዳውን ዘጋው። ጌጤ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ክረምቱንም መኸሩንም ቤቷ አሳለፈች።

ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ሲታጨድ ወደ ኡሙሃኒ ወጣች። በሩ በእሾህ አጥር ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ደመቀች ከማሳዋ ቀና ብላ፣ «አልሰማሽም?» አለቻት። «የታሂር መርዶ መጣ። ኡሙሰልማ ወደ ዋጃ ወሰደቻቸው።»

ያን ሰሞን አውቶቡሶቹ ለዘመቻ ተወስደዋል። ጌጤ በአስፋልቱ ልሂድ ብላ ብትወጣ፣ ኬላው ላይ ይለፍ የለሽም ብለው መለሷት። ስለዚህ ወደ ሜዳው ወረደች። ወደ ሰሜን በዚያ በኩል ሄዳ አታውቅም። አገዳ የሚከምሩ ሰዎችን ባገኘች ቁጥር፣ «ዋጃ በየት ነው?» ትላለች፤ እነሱም በአገጫቸው ያሳዩዋታል። አንዴ ቁልቋል ውስጥ ገባች፤ አንዴ ደግሞ ገደላማ ቦይ ገጥሟት ብስክሌቷን በጫንቃዋ ተሸክማ ተሻገረች። ዋጃ ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር።

ኡሙሃኒ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«ፈጣሪ ያጥናዎት፣ እማማ።»

«አሚን። በምን መጣሽ?»

«በብስክሌት፤ በሜዳው።»

«እንግዲያ በኛ ማሳ በኩል ነው ያለፍሽ። ማሽላዬ ታጨደ?»

«ታጭዷል። ጎረቤቶችዎ ከምረውልዎታል።»

«አልሃምዱሊላህ።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «አንቺስ? አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅ። ማን አለሽ?» አሏት።

ጌጤ ነገረቻቸው። ስለ አስመራ እሁዶች፣ ስለ ግንባሩ፣ ስለ ጠፋው ወሬ። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ሲጠመልል ቆየ።

ኡሙሃኒ እስኪያልቅ ሰሟት። «እኔስ ቁርጤን ዐወቅሁ» አሉ። «ያንቺ ይብሳል።» ከቁርበቱ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧት፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያን ሌሊት እዚያው አደረች።

እሸቴ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። ጌጤ ቆቦ እስከኖረች ድረስ፣ በበጋ እሁዶች በሜዳው እያቋረጠች ዋጃ ትደርስ ነበር። ሁለቱ ብዙ አያወሩም። ኡሙሃኒ ይፈትላሉ፤ እሷ ጥጡን ትለቅማለች። ጀምበር ወደ ተራራው ማዘቅዘቅ ስትጀምር ኡሙሃኒ፣ «ተነሺ፣ ይመሽብሻል» ይሏታል። እሷም ትነሣለች።