የኦቦ ቱሉ ግቢ ጉድጓድ

ከቤት የወጣነው አመሻሽ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ማለዳ ስለሚነሳ ከተማ ወርደን ማደር ነበረብን። እናቴ በሶ ቋጥራልን እስከ ወንዙ ሸኘችን። እኔን ምንም አላለችኝም፣ ታናሽ እህቴን ትርንጎን ግን የጫማሽን ክር እሰሪ አለቻት። አገራችን ጋይንት ያላችሁ ሰዎች ሰበታ ሲባል ፋብሪካና አስፋልት ብቻ ይመስላችኋል። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን።

መጀመሪያ ቡራዩ፣ የአክስታችን ልጅ ዘንድ አረፍን። ሰበታ ክር ፋብሪካ ሥራ ስናገኝ ደግሞ ኦቦ ቱሉ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ኦቦ ቱሉ የእርሻ መሬታቸውን ከተማው ሲውጠው በቀራቸው ግቢ ላይ ክፍሎች ሠርተው የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው። ልጅ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን፣ የለንም አልን። ባልስ? የለንም። እንግዳስ? ማን ይመጣብናል አልን። «እንግዲያስ ውኃ አትጨርሱም» ብለው ቁልፉን ሰጡን።

ስድስት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ጉድጓድ። የእኛ አገር ምንጭ በቅዝቃዜው ጥርስ ያማል፤ የዚያ ጉድጓድ ውኃ ግን ለብ ያለ፣ ዝገት ዝገት የሚል ነበር። ለመድነው። እንጀራውንም፣ ጭቃውንም ለመድን። ኦቦ ቱሉ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» እያሉ እንዴት እንዳደረች ሲጠይቋት ትርንጎ በሁለት ሳምንቷ በኦሮምኛ ትመልስላቸው ጀመር። እኔ እስካሁን እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው።

ክረምቱ ሲገባ በአካባቢው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አለ ተባለ። የጤና ቢሮ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መሆናቸውን ሲሰሙ ኦቦ ቱሉ ሰበሰቡን። ከሕዝቡ ቧንቧ፣ ከቦኖ ነው የምንቀዳው በሉ፣ ጉድጓዱ ከተዘጋ ግቢውም ይዘጋል፣ እናንተም ቤት ትፈልጋላችሁ አሉን።

በማግስቱ ጫልቱ የምትባል የሱሉልታ ልጅ፣ የጤና ቢሮ ሰደርያ ለብሳ፣ መዝገብ ይዛ መጣች። ኦቦ ቱሉ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉድጓዱ ለልብስ ነው» አሏት።

«የጉድጓዱ ገመድ ላይ የተንጠለጠለችው ኩባያስ?»

«አበባ ማጠጫ ናት።»

ግቢው ውስጥ አንድም አበባ አልነበረም። ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ እህቴ፣ የምትጠጡት ከየት ነው?»

«ከቦኖ» አልኳት።

ጻፈችው። ለማንኛውም አፍልታችሁ ጠጡ፣ የውኃ ናሙና ለመውሰድ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። እኛም አላፈላንም። ከሰል ለወጥ እንጂ ለውኃ ማን ያነዳል።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ተቀመጠች፣ መነሳት አቃታት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ግሉኮስ በሁለቱም እጇ ሰኩላት። ጣቶቿ ልብስ ሲያጥቡ እንደዋሉ ተሸብሽበው ነበር። ነገ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ፣ ለአለቃችን ንገሪልኝ አለችኝ። እነግርልሻለሁ አልኳት። በማግስቱ ከቀትር በፊት አረፈች።

ጫልቱ እዚያው ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አገኘችኝ። ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደበላች ጠየቀችኝ። ቀጥላም ውኃ ከየት እንደምንቀዳ።

«ከጉድጓዱ» አልኳት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ባለፈው ከቦኖ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ገጹን ገለጠችና ግቢው ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሲያስቀምጠው እንዳደረ ነገርኳት። ሄደው አመጡት፣ ዳነ። ጉድጓዱንም ያን ዕለት ክሎሪን ጨምረው ዘጉት።

ትርንጎን ማጠብ አልተፈቀደልኝም። በላስቲክ ጠቅልለው፣ መድኃኒት ረጭተው ሰጡን። ኦቦ ቱሉ የዕድራቸውን ሰው ይዘው መጥተው አካፋውን ከወጣቶቹ ተቀብለው አፈር መለሱ። አላለቀስኩም። ከቀብሩ ስንመለስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁኝና ክፍሉን እንዳትለቂ አሉኝ። «ከቦኖ በሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቱማ ከቦኖ በሉ አሉን» አልኳቸው፤ «ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።

መርዶውን አገር ቤት ያለው አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ማለዳ ለእናቴ ነገራት፤ በሆድ ሕመም ነው ብሎ። ስለ ቦኖው እሱም አያውቅም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን የምታነቡ የሠፈራችን ልጆች፣ እኔ እስክነግራት አደራ አትንገሯት።

እናቴ ከሰልስቱ በኋላ በጎረቤት ስልክ ደወለች። እንዴት ሞተች አላለችኝም።

«አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ።

«ጥቁር።»

«ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ደርድሪባት።»

እሺ አልኳት። ከስልኩ ማዶ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«አንቺንስ» አለችኝ፣ «የአገሩ ውኃ ተስማማሽ?»

ተስማማኝ አልኳት።